ሽታ የሌለው የኮሰረት ዱቄት

ይህን የምጽፈው ሦስት ምንጮችን ይዤ ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው እንከን አለባቸው። የመጀመሪያው የራሴ ትዝታ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አጥብቄ የማስታውሳቸው ነገሮች ጭራሽ ያልተፈጸሙ ሆነው ስለሚገኙ ብቻውን አላምነውም። ሁለተኛው በዚያን ጊዜ የሥራ ማስታወሻ የያዝኩበት ደብተር ነው። የኮሰረት ዘይት ስለፈሰሰበት መካከለኞቹ ገጾች እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋሉ፤ በፊት የተጻፈውና በጀርባ የተጻፈውም ተደራርቦ ይነበባል። ሦስተኛዋ ምንጭ ታላቅ እኅቴ ናት። እርሷ የረሳችው ነገር የለም፤ ችግሩ ከእኔ ትዝታ ጋር የሚስማማ ነገርም የላትም። በሕይወት ያለችና መነጽሯን ካገኘች ማንበብ የምትችል በመሆኗ፣ ስለ እርሷ የጻፍኩትን ሁሉ ሁለት ጊዜ መዝኜዋለሁ። ዓመቱን ለይቼ መናገር አልችልም። ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጥቂት ቆይቶ እንደሆነና ወቅቱም ዐቢይ ጾም እንደነበረ ግን ሦስቱም ምንጮች ይስማማሉ።

ለብዙ ዓመታት በሌላ ከተማ የምግብ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ከእኅቴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱንም፣ ጓሮውንም፣ በመጠኑም ቢሆን ጎረቤቱን ለብቻዋ ታስተዳድር ነበር። የተሰጠኝ ክፍል ከጓዳው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያይ ስለነበር በመደርደሪያው ላይ የሚሆነው ሁሉ በአፍንጫዬ በኩል ይነገረኛል። በጥቅምት ተለቅሞ የደረቀው የጓሮ ኮሰረት እስከ ጥር ድረስ ክፍሌን ያውደዋል። በመጋቢት ያው ከረጢት ሲከፈት ግን የሚሸተው ከረጢቱ ብቻ ነው። እኅቴም ለፋሲካ ቅቤ ማንጠሪያ የሚሆን አዲስ ኮሰረት ፍለጋ በየዓመቱ ገበያ ትወርዳለች።

«የት ሄደ ይሄ ሽታ?» አለችኝ አንድ ቀን ቅጠሉን በመዳፏ እያሸች። «ሌባ ወሰደው እንዳልል ቅጠሉ እዚሁ አለ።»

በጥያቄው ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሙያዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሽታው የሚመጣው በቅጠሉ ውስጥ ካለ ተናኝ ዘይት መሆኑን፣ ይህም ዘይት አየር ካገኘ ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቅ ነገርኳት። ዘይቱን ከቅጠሉ አውጥቶ፣ በጣም ደቃቅ ጠብታዎች አድርጎ፣ እያንዳንዷን ጠብታ በሙጫ ልባስ ማሸግ ቢቻል ግን ሽታው ታስሮ ይቆያል፤ የሚለቀቀውም ሙጫው በሙቅ ውኃ ሲሟሟ ብቻ ነው። ማብራሪያዬ ምናልባት ረዘም ብሎ ይሆናል፤ ስጀምር ምስር ትለቅም ነበር፣ ስጨርስ ምስሩ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተጥዶ ነበር።

«እና ታስሮ ሳለ አይሸትም?» አለች።

«አይሸትም።»

«ታዲያ የማይሸት ኮሰረት ምን ያደርግልኛል?»

በጊዜው እንደ ጥያቄ አልቆጠርኩትም።

ዘይቱን ለማውጣት ላቦራቶሪ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ እንፋሎትን አቀዝቅዞ ጠብታ የማድረጉን ጥበብ ዐረቄ የሚያወጡ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል። ሉማሜ ከምትኖር አንዲት ዐረቄ አውጪ እንስራውንና የሸምበቆ ቧንቧውን ተውሼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። እንስራውን ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሸምበቆው በመስኮት ወጥቷል። ከአጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ልንደርስ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጌታው፣ በሁዳዴ?»

«ለኮሰረት ነው» አልኳቸው።

«ይሁን እንግዲህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አነጋገራቸው የማመን አልነበረም።

ሙጫውን ያገኘሁት ከአንድ አረጋዊ የብራና ጸሐፊ ነው። ዲማ ገዳም የተማሩ ናቸው፤ ቀለም ሲበጠብጡ የግራር ሙጫ እንደሚጨምሩበት አውቅ ነበር። ልኩን በምን እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አሳዩኝ። ጠብታው ጥፍር ላይ ሳይፈስ እንደ ዶቃ ከቆመ ደርሷል አሉኝ። ተማሪዎቼን በስንት የመስታወት ዕቃ ያስጨነቅሁበት ልኬት ከዚህ እምብዛም አይሻልም ነበር። ለዚህ ትምህርት አራት ወይም አምስት ጊዜ ያህል ተመላልሻለሁ፤ መመላለሴ በሰፈር ሰው ዘንድ መታየቱን የሰማሁት በኋላ ነው።

የተረፈው ሥራ ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ከገበያ ከተገዛ አዲስ ቅጠል በእንስራው ያወጣሁትን ዘይትና የሙጫውን ብጥብጥ በአንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከትቼ ክንዴ እስኪዝል ናጥኩት። ወተት መሰለ። ትሪ ላይ በስሱ አፍስሼ በጥላ አደረቅሁት፣ እንደ ቅርፊት ሲነሣም ወቅጬ በሻሽ ነፋሁት። ዓመት ሙሉ ቤቱን የሚበቃ ቅጠል ግማሽ የሻይ ቆርቆሮ ዱቄት ሆነ።

ዱቄቱ አይሸትም ነበር። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ጥቂት ሙሉ ስኬቶች አንዱ ይህ ነው። እኅቴ አሸተተችው። ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጋ እንደገና አሸተተችው። ከዚያም ሐዘን ቤት የገባች ያህል በርኅራኄ ተመለከተችኝ።

«አይዞህ» አለችኝ።

«እትዬ፣ መሥራቱ እኮ ነው! ሙቅ ነገር ላይ ሞክሪው።»

እዚህ ላይ ምንጮቼ ይለያያሉ። እንደ እኔ ትዝታ፣ በማግስቱ ጠዋት ጥቂት ቆንጥራ በራሷ እጅ ሽሮው ላይ የጨመረችው እርሷ ናት። እንደ እርሷ አባባል ደግሞ ጨው ልታመጣ ጓዳ በገባችበት ቅጽበት እኔ ማድ ቤት ገብቼ በሾርባ ማንኪያ ጨልፌ ገልብጬበታለሁ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው አኃዝ ከጀርባው ገጽ አኃዝ ጋር ስለተደራረበ አንድም ይመስላል፣ አራትም። ውጤቱን በተመለከተ ግን ልዩነት የለንም። ሙጫው በፈላው ሽሮ ውስጥ ሟሟ፤ የብዙ ወር የኮሰረት ሽታም በአንድ ጊዜ ከአንዲት ድስት ወጣ።

በእኛ ሰፈር ኮሰረት ቅቤ ከማንጠር በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከማድ ቤታችን ጣሪያ ወጥቶ አጥር የተሻገረው ነገር ለማንም ጤነኛ አፍንጫ ኮሰረት አልነበረም። ቅቤ ነበር፤ ያውም በምድጃ ላይ ያለ፣ የሚንጣጣ ቅቤ፣ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ነገር ግን እኅቴ የምትጠጣው የጽዋ ማኅበር ከፋሲካ በኋላ ተራው የእርሷ ነበር። ያንን ተራ ሁለት ዓመት ያህል ጠብቃለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጽዋው ወደ ቤቷ ሲገባ የመጀመሪያው ነበርና ግድግዳውን አስለስናለች፣ ጌሾ አስመጥታለች፣ መጋረጃ አሰፍታለች። ጾም ገድፋለች የምትባል ሴት ደግሞ ጽዋውን አትቀበልም፤ ተራው አልፏት ይሄዳል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ የአጥር ጎረቤታችን ነበረች። ሽታው የሄደውም በቀጥታ ወደ እርሷ ነው።

ብዙ አልቆየችም። ነጠላዋን እያጣፋች በማድ ቤቱ በር ብቅ አለች።

«እንዴት አደራችሁ? ወንፊት ልዋስ ብዬ ነው።»

«ወንፊቴ አንቺው ጋ ነው» አለች እኅቴ። «ከጥምቀት ጀምሮ።»

«ውይ፣ ለካ!» አለች ጎረቤታችን፤ ግን አልተመለሰችም። አፍንጫዋ ከእርሷ ቀድሞ ወደ ድስቱ ገባ። «ምነው ቤቱ ፋሲካ ፋሲካ ሸተተኝ?»

«ኮሰረት ነው።»

«ኮሰረት ብቻውን እግር አውጥቶ ድስት ገባ?»

«ወንድሜ ነው የጨመረው።»

«እርስዎ ኖት ጋሼ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። እኔም ስለ ተናኝ ዘይቶች ባሕርይ ማስረዳት ጀመርኩ። እስከ ሙጫው ድረስ እንኳ አልጠበቀችኝም። ጥቂት ቆይታ የእኅቴን የንስሐ አባት ይዛ ተመለሰች።

የንስሐ አባታችን ወጣት ቄስ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእኅቴ የመጨረሻ ልጅ ዕድሜ ያንሳል፤ ቢሆንም እርሷ «አባቴ»፣ እርሳቸው «ልጄ» ይባባላሉ። በዚያ ሳምንት ሰሞነኛ ስላልነበሩ ቤታቸው ተገኝተዋል። ሌሊቱን የበልግ ካፊያ ጥሎ ስላደረ ብርድ ነበር፤ እርሳቸውም ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጡ። ሲቀመጡ ሦስት ጊዜ አነጠሱ። የዚያን ቀን ጣጣ የተወሳሰበው በዚህ ጉንፋን ምክንያት ነው፤ ዳኛችን ምንም ነገር አይሸታቸውም ነበር።

«ልጄ፣ ቅቤ ነው ወይ?» አሉ።

«አባቴ፣ ቅቤ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ?»

«አባ፣ ያሽትቱት እንጂ!» አለች ጎረቤታችን።

አሸተቱ። በትክክለኛ አነጋገር ለማሽተት ሞከሩ። «ለእኔ እንፋሎት ነው» አሉ።

ይህ የእኔ ጊዜ እንደሆነ ተሰማኝ። ቆርቆሮውን አመጣሁ። ደረቁን ዱቄት ለጎረቤታችን አቀረብኩላት፤ ምንም አልሸተታትም፣ ይህንንም ጮክ ብላ መሰከረች። ከዚያ በሻይ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አስቀድቼ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩበት። ውኃው ቤቱን በቅቤ ሽታ ሞላው። ሙከራዬ ይህን ያህል ያማረ ውጤት አስገኝቶ አያውቅም።

«በስመ አብ!» ብላ ጎረቤታችን ወደ ኋላ ሸሸች። «ውኃ ቅቤ ሆነ! ጋሼ፣ ከጸሐፊው ቤት ሲመላለሱ የከረሙት ለዚህ ነው?»

«ለሙጫ ነው» አልኩ።

«እሱን ነው እኮ የምለው!»

«ወንድሜን ደግሞ ጠንቋይ ልታደርጊው ነው?» እኅቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ተነሣች።

«እኔ ምን ወጣኝ? ውኃ ነበረ፣ ሸተተ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩ።»

ወጣቱ ቄስ ብርጭቆውን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አቆዩት። ተስፋ ቆርጠውም መለሱልኝ። «መምህር፣ ለእኔ ይሄም ውኃ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ ለዓይን የሚሆን ማስረጃ የለዎትም?»

ነበረኝ። ይኸውም በእኔ ሳይንስ እጅግ ቀላሉ ነው። ቅቤ ሲበርድ ይረጋል፤ የጾም ዘይት አይረጋም። ሽሮው በሳህን ወጥቶ ከደጃፍ ነፋሱ ላይ ይቀመጥ። ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ከረጋ እኅቴ በድላለች፤ ካልረጋ ጎረቤታችን ይቅርታ ትጠይቃለች። ይህን ስናገር ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፅ እንደሆነ ታውቆኛል።

እኅቴ ሳለች። ጉንፋኑ የተጋባባት መስሎኝ ሙቅ ነገር እንድትጠጣ መከርኳት። እንደገና ሳለችና የኮቴን ጫፍ ጎተተች። በሙከራው መደሰቷ ነው ብዬ እጇን መታ መታ አደረግሁላት። ጎረቤታችን አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሁለቱም ሴቶች የሚያውቁት፣ ሁለታችን ወንዶች የማናውቀው ነገር እንደነበረ በዚያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ሳህኑ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኛም ዙሪያውን በዱካ ላይ ተቀምጠን እህል ሳንቀምስ ሽሮ ሲበርድ እንጠብቅ ጀመር። ቄሱ ያነጥሳሉ። ጎረቤታችን ዓይኗን ከሳህኑ አትነቅልም። ነፋሱ ሽታውን አንዴ ወደ እርሷ፣ አንዴ ወደ እኔ ያመጣዋል፤ የማንኛችን ሆድ እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ይጮኽ ነበር።

መጀመሪያ ጠርዙ ደበዘዘ። ከዚያ ነጣ። ቀጥሎም ስስ ነጭ ቀለበት ሳህኑን ዞረው።

እኔ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አደረግሁ፤ ቀለበቱ እዚያው ነበር። በሕይወቴ ብዙ ተማሪ በፈተና ጥያለሁ፣ ታላቅ እኅቴን ግን እጥላታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ረጋ» አሉ ቄሱ በቀስታ። «ልጄ...»

«አባቴ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ።» እኅቴ ወደ ጓዳ ገብታ ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ያን ዓመት ዘይት የምንገዛው ሰፈራችን ካለው የሸማቾች ሱቅ ነበር፤ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ ከውጭ የገባ የፓልም ዘይት ነው። በመካከላችን ቆማ ክዳኑን ከፈተችና ጀሪካኑን ዘቀዘቀችው። ምንም አልወረደም። ብዙ ከጠበቅን በኋላ አንዲት ጠብታ አፉ ላይ ብቅ ብላ እዚያው ቆመች።

«ይኸውላችሁ ቅቤዬ!» አለች። «ጠዋት እሳት ዳር ባላስጠጋው ይቺንም አይሰጠኝ። ይሄ ሊቅ ወንድሜ ጓዳ ገብቶ ያውቃል? ኑግ ዘይት የቀረ ስንት ጊዜው! ዓለሙን ሁሉ ያስተምራል፣ የምን ዘይት እንደሚበላ አያውቅም!» ከዚያም ወደ ጎረቤታችን ዞረች። «ያንቺስ? ያንቺ ይወርዳል?»

ጎረቤታችን ነጠላዋን አስተካከለች። «የኔማ...»

«ንገሪያቸው እንጂ ለአባ!»

«የኔን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ነው የማወጣው።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ሽሮዬ ሲረጋ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

«ጋሼ ሲናገሩ እንዴት አድርጌ ላቋርጥ? ደሞ በሳይንስ ከሆነ ይለይ ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ወጣቱ ቄስ ጀሪካኑን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። «ለካ!» አሉ። «ባለቤቴ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ጋቢ አልብሳ እሳት ዳር ስታስተኛው፣ ምን ሆነች ብዬ ሳልጠይቃት ሁለት ወር ሆነኝ።» ሲስቁ ጉንፋኑ አነቃቸውና እስኪረጋጉ ጠበቅናቸው። ከዚያም ፍርዳቸውን ሰጡ። በሳህኑ ያለው የጾም ምግብ ነው። ሽታ ጾም አይገድፍም። ነገር ግን የጎረቤትን ጾም ስለሚፈትን ቆርቆሮው እስከ ፋሲካ አይከፈትም። መምህሩም፣ ማለትም እኔ፣ በሌላ ጊዜ ማስረጃ ሳቀርብ አስቀድሜ የቤቱን ባለቤት እንድጠይቅ ታዘዝኩ።

«ጽዋዬስ?» አለች እኅቴ። ጀሪካኑን አልለቀቀችም፤ ድምፅዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ።

«ተራሽ ተራሽ ነው» አለች ጎረቤታችን። «ማን ይወስድብሻል? በዚያን ቀን ግን እውነተኛ ቅቤ ይሁን። ይሄ የጋሼ ነገር ያስደነግጣል።» ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ። እኅቴ ወንፊቷን በዚያው እንድትመልስላት አስታወሰቻት።

ጽዋው በወጉ ገባ፤ ቅቤውም እውነተኛ ነበር። ይህን ሦስቱም ምንጮች ያረጋግጣሉ።

ያልተረጋገጠው የሚከተለው ነው። ጀሪካኑን ከበን ስንከራከር ጀርባችንን ወደ ደጃፉ ሰጥተን ነበር። ጉዳዩ አልቆ ዞር ስንል ድንጋዩ ላይ የነበረው ሳህን ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ነጩ ቀለበት እንኳ አልተረፈም። የቅዳሴው ደወል ገና ስላልተደወለ የበላው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ቤት በዚያን ዕለት በእርግጥ ጾሙን ያፈረሰው እርሱ ብቻ ነው። ድመት አልነበረንም። ከነበርነው አራት ሰዎች ሦስቱ እንዳልበሉ በየተራ አረጋግጠዋል፤ አራተኛው እኔ ስሆን አላስታውስም። ይጥም እንደነበረ አውቃለሁ፤ ያንን ያወቅሁት ግን በዚያ ቀን ይሁን በሌላ ቀን መለየት አልቻልኩም። እኅቴ ጥርጥር የላትም፤ ስከራከር ወጪ ገቢ ስል እንደነበረና ለዚህም ማስረጃዋ ሪዜ ላይ ያየችው ሽሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ ትናገራለች። በዚያ ዘመን ሪዝ እንደነበረኝ ግን እስካሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም።